ባለ ማግነም ሽጉጥ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ስለ ጥይቱ ጠይቁ

የፋሲካ ማግስት ደምበጫ አጎቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። የእህቴ ልጅ ከሚኒሶታ በቪዲዮ ደወለ። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን፣ ስለ በጉ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ከዚያ ስልኩን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረና አንድ ሽጉጥ አሳየን። ዴዘርት ኢግል፣ ባለ 50። «ይኼን ልገዛ ነው፣ ምን ትላላችሁ?» አለ።

አጎቴ መነጽራቸውን አደረጉ። አባታቸው ምንሽር ነበራቸው፣ እሳቸውም ለብዙ ዓመት በፈቃድ የያዙት ቤልጅግ ነበራቸው፤ ስለዚህ ብረት ሲያዩ ዝም ብለው አያዩም። ትክ ብለው ተመለከቱት። ስለ ውበቱ ምንም አላሉም። ስለ ዋጋውም አልጠየቁም።

«ጥይቱ ይገኛል?» ብቻ አሉ።

ልጁ ሳቀ። አሜሪካ ምን የማይገኝ ነገር አለ ብሎ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ልቤ ውስጥ ቀረ፣ ምክንያቱም ሚኒሶታ በኖርኩባቸው ዓመታት አንድ የተኩስ መለማመጃ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ሽጉጥ አከራይ ነበርኩ፣ አጸዳ ነበር፣ ሰው ተኩሶ ሲመለስ ፊቱን አይ ነበር። ባለ ማግነም ሽጉጥ ገዝተው የሚቆጩት ሰዎች ቅሬታቸው ሁልጊዜ ከሁለት አይወጣም። ወይ ጥይቱ ነው፣ ወይ እጃቸው ነው። ስለዚህ ለእሱ የጻፍኩለትን ነገር ሰፋ አድርጌ እዚህ አስቀምጠዋለሁ። እንደሱ ውጭ አገር፣ ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ ለምትኖሩና ለመግዛት ለምታስቡ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ማግነም ማለት ምን ማለት ነው

ቃሉ ላቲን ነው፣ «ትልቅ» ማለት ነው። በጥይት ላይ ሲወጣ ግን የሚናገረው ስለ ባሩዱ ነው። ቀለሁ ረዘም ይላል፣ ብዙ ባሩድ ይይዛል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ስሙ ላይ ያለው ቁጥር በግምት የጥይቱ ስፋት በኢንች ነው፤ 357 ማለት 0.357፣ 44 ማለት 0.44፣ 50 ማለት ግማሽ ኢንች። ባለ 357 ማግነም የወጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ባለ 44 ማግነም ደግሞ በ1955። ሁለቱም የተሠሩት ለሪቮልቨር፣ ማለትም ለባለ ተሽከርካሪ ጎራሽ ሽጉጥ ነው። ቀለሃቸው ከታች ወጣ ያለ ጠርዝ አለው፤ ጠርዙ በተሽከርካሪው ላይ ጥይቱን ደግፎ ይይዘዋል።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ጠርዝ ያለው ጥይት ካዝና ውስጥ ሲደረደር አንዱ የሌላውን ጠርዝ ያጠላልፋል። ደግሞ ኃይሉ ብዙ ነው። እንደ ማካሮቭ ባለ ቀላል ሽጉጥ ላይ የላይኛው ብረት ምንም ሳይቆለፍ፣ በክብደቱና በሞላው ብቻ ተይዞ ይተኮሳል። ማግነም በዚያ መንገድ ቢተኮስ ቀለሁ ገና ግፊት እያለበት ይወጣል፣ ያ ደግሞ አደጋ ነው። ስለዚህ ራሱን በራሱ የሚያጎርስ የማግነም ሽጉጥ ለመሥራት ጠንካራ መቆለፊያ ያስፈልጋል። ከባድ የሚሆኑትም፣ ውድ የሚሆኑትም፣ ጥቂት ብቻ የሆኑትም ለዚህ ነው።

ኃይሉን በምናውቀው ነገር እንለካው። የማካሮቭ ጥይት 300 ጁል ገደማ ነው። ተራው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም 500 አካባቢ። ባለ 357 ማግነም ከ700 እስከ 900። ብርቱ ተደርጎ የተሞላ 10 ሚሊ ሜትር ወደ 900 ይጠጋል። ባለ 44 ማግነም ከ1,200 በላይ ይሄዳል፣ 1,500ም ይደርሳል። ባለ 50 አክሽን ኤክስፕረስ 2,000 ገደማ።

2,000 ጁል የክላሽ ጥይት ጉልበት ነው።

ይኼን ስነግራቸው አጎቴ ቀና አሉ። እውነት ነው፣ ቁጥሩ እኩል ነው፤ ግን ነገሩ አንድ አይደለም። የክላሹ እርሳስ 8 ግራም ገደማ ሆኖ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይበራል። የባለ 50ው እርሳስ 19 ግራም ሆኖ በሰከንድ 450 ሜትር ይሄዳል። ወፍራምና ዘገምተኛ ነው፣ ርቀት ላይ ቶሎ ይወድቃል። እጅ ላይ የሚሰማው ምት ደግሞ ከጁል ይልቅ ክብደቱ በፍጥነቱ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር ይሄዳል፤ አስሉት፣ የባለ 50ው ከክላሹ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ክላሽ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፣ ትከሻ ላይ ተደግፎ ይተኮሳል። ይኼኛው ሁለት ኪሎ ነው፣ በተዘረጋ ክንድ ጫፍ ላይ ተይዞ ይተኮሳል። ስፋቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው ስላቸው «የዲሽቃ?» አሉ። በስም ስፋቱ አዎ። ባሩዱ ግን የዲሽቃው እጅግ ይበልጣል፣ ለንጽጽርም አይቀርብም።

ዴዘርት ኢግል

ብዙ ሰው ማግነም ሽጉጥ ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው ይኼ ነው፣ ስለዚህ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

ሐሳቡ ማግነም ሪሰርች የተባለ የሚኒሶታ ኩባንያ ነው። የፈጠራ መብቱ ማመልከቻ በ1983 ገባ፣ ከዚያ የእስራኤል ወታደራዊ ኢንዱስትሪዎች አሻሽሎ አመረተው። ብዙ ሰው «የእስራኤል ጦር ሽጉጥ» ይለዋል፤ የእስራኤል ጦር መደበኛ ሽጉጥ ግን ሆኖ አያውቅም። ለዓመታት እስራኤል ተሠራ፣ በመካከል ሜይን ግዛት ውስጥ ተሠራ፣ ከ2009 ወዲህ ደግሞ ሚኒሶታ ውስጥ ፒላጀር በምትባል ትንሽ ከተማ ይሠራል። የእህቴ ልጅ ከሚኖርበት በመኪና የሚደረስ ቦታ ነው።

አሠራሩን የኛ አገር ሰው ቶሎ ይረዳዋል፣ ምክንያቱም ክላሽን ፈታቶ የሚያውቅ ሁሉ ሐሳቡን ያውቀዋል። ጋዝ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ከበርሜሉ ውስጥ በትንሽ ቀዳዳ የባሩዱ ጋዝ ይወጣል፣ ከበርሜሉ ሥር ባለ ቦይ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ይልከዋል። መቆለፊያው ይሽከረከርና ይከፈታል። በርሜሉ አይንቀሳቀስም፤ ኢላማ ላይ ጥሩ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ጥሩ ጎኑን ልናገር። አንዱን አካል በሦስት ጥይት መጠቀም ይቻላል። የባለ 50ው ቀለህ የታችኛው ጠርዝ ሆን ተብሎ ከባለ 44ቱ ጋር እኩል ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ስለዚህ ከባለ 50 ወደ ባለ 44 ለመቀየር በርሜልና ካዝና መለወጥ ብቻ ይበቃል። ወደ ባለ 357 ለመሄድ ግን መቆለፊያውንም መለወጥ ያስፈልጋል። ካዝናው በባለ 357 ዘጠኝ ጥይት ይይዛል፣ በባለ 44 ስምንት፣ በባለ 50 ሰባት። ደግሞ ከባድ ስለሆነና ጋዙ ምቱን ስለሚያለዝበው፣ ባለ 44ቱን በዴዘርት ኢግል መተኮስ በቀላል ሪቮልቨር ከመተኮስ በጣም ይሻላል። ሪቮልቨሩ መዳፍ ይመታል። ይኼኛው እጅን ገፋ ያደርጋል። ሁለቱን ተከታትሎ የተኮሰ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም።

አሁን ወደ ችግሩ። ሁለት ኪሎ ገደማ ነው፣ ባዶውን። ርዝመቱ 27 ሴንቲ ሜትር። ካዝናው እጀታው ውስጥ ስለሚገባና ጥይቱ ረዥም ስለሆነ እጀታው ከፊት ወደ ኋላ በጣም ወፍራም ነው። አንድ ቀን ቀጠን ያለች፣ ተኩስ በደንብ የምትችል ደንበኛ መጣች። ባለ 44ቱን ሰጠኋት። ጣቷ ቃታው ላይ እንዲደርስላት እጀታውን ወደ ጎን አዙራ ያዘችው፤ ከክንዷ ጋር ቀጥ ብሎ መስመር ላይ መሆን የነበረበት ሽጉጥ ወደ አውራ ጣቷ ጠመም አለ። ገና ሳትተኩስ መሣሪያው ለእሷ እንዳልሆነ ታየኝ። የመጀመሪያዋ ጥይት ወጣች፣ ሁለተኛዋ ተቀረቀረች። ቀለሁ በመውጫው ላይ ቆሞ ቀረ፣ እንደ ጭስ ማውጫ። ሽጉጡ አልተበላሸም ነበር። የእጅ አንጓ ሲላላ የላይኛው ብረት ሙሉ መንገዱን ሳይሄድ ይቀራል። ለሌላ ጠንካራ እጅ ሰጠሁት፣ ያው ሽጉጥ፣ ያው ካዝና፣ አንዴም አልነከሰም።

ስለዚህ ሳትገዙ በፊት ይኼን አድርጉ። ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡና ያዙት። እጀታው በትክክል መዳፋችሁ መሐል ተቀምጦ፣ በርሜሉ ከክንዳችሁ አጥንት ጋር ቀጥ ብሎ፣ የአመልካች ጣታችሁ ጫፍ ቃታው ላይ ይደርሳል ወይ? የማይደርስ ከሆነ እዚያው ጨርሳችኋል። በልምምድ እጅ አይረዝምም።

ሌላው ነገር እርሳሱ ነው። ባዶ እርሳስ፣ ማለትም የመዳብ ልባስ የሌለው ጥይት ዴዘርት ኢግል ውስጥ አይገባም። ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ በእርሳስ ይደፈናል። በርካሽ ለመለማመድ የምታስቡት የሪቮልቨር ጥይት እዚህ አይሠራም። የካዝናውንም ሥር በሁለተኛው እጅ ወደ ላይ እየገፋችሁ አትያዙ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው እንዲህ ያደርጋል፣ አጎራረሱን ያበላሽበታል።

ዋጋው ወደ 2,000 ዶላር ነው፣ እንደ ቀለሙና እንደ ብረቱ ዝቅም ከፍም ይላል። እሱ ግን የመጀመሪያው ወጪ ብቻ ነው። የባለ 50ው ጥይት አንዷ ከ1 ዶላር በላይ ናት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በጣም ትበልጣለች፣ የምትሸጠውም 20፣ 20 በያዘ ፓኬት ነው። ተራ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከግማሽ ዶላር በታች ይገኛል። አንድ ሰው ሽጉጡን በወር አንዴ ሁለት ፓኬት ቢተኩስበት በሁለት ዓመት ውስጥ ለጥይት ያወጣው ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ይጠጋጋል። የአጎቴ ጥያቄ የገባችሁ ይመስለኛል።

በ2018 ደግሞ ኩባንያው 429 ዲ.ኢ. የተባለ አዲስ ጥይት አወጣ፣ የባለ 50ውን ቀለህ ወደ ባለ 44 ስፋት አጥብቦ። ፈጣን ነው። ግን እኔ አልመክርም፤ ጥይቱን የሚሸጥላችሁ ቦታ ጥቂት ነው።

ግሎክ 20ና 10 ሚሊ ሜትር

በስሙ ማግነም አይደለም። በጉልበቱ ግን ከባለ 357 ማግነም ጎን ይቆማል፣ ለዚህም ነው ከዚህ ንጽጽር የማላስቀረው። እንዲያውም ልንገራችሁ፣ ለብዙ ሰው መልሱ ይኼ ነው።

10 ሚሊ ሜትር አውቶ በ1983 ብሬን ቴን ከተባለ ሽጉጥ ጋር ወጣ። ሽጉጡ ብዙ ሳይቆይ ጠፋ፣ ጥይቱ ግን ተረፈ። ኮልት በ1987 ዴልታ ኤሊት የሚባለውን አወጣ። በ1986 ማያሚ ውስጥ ወኪሎቹ ከሞቱበት የተኩስ ልውውጥ በኋላ ኤፍ.ቢ.አይ. ይኼን ጥይት ወሰደው፣ ከዚያ ለብዙ ወኪሎች ምቱ በዛባቸው፣ ጥይቱ ተለዘበ፣ ከዚያም አጠር ያለው ባለ 40 ተወለደ።

ጥይቱ ከመጀመሪያው የተሠራው ለካዝና ነው። ወጣ ያለ ጠርዝ የለውም። ስለዚህ ከላይ የነገርኳችሁ መጠላለፍ የለም። ግሎክ 20 ባዶውን 800 ግራም አካባቢ ነው፣ ካዝናው 15 ጥይት ይይዛል። ሰባትና አሥራ አምስት፤ ሁለት ኪሎና ከአንድ ኪሎ በታች። ወገብ ላይ ቀኑን ሙሉ የዋለ ሰው ይኼ ልዩነት ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

የሚሠራ መሆኑን ለማየት ግሪንላንድ ድረስ መሄድ ይቻላል። በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች የሚዘዋወረው የዴንማርክ ሲሪየስ ቅኝት ቡድን ከነጭ ድብ ለመከላከል የሚይዘው ግሎክ 20ን ነው። እዚያ ብርዱ ብረት ያደርቃል። ዘይት ይረጋል። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው የሚይዘው የሚያጌጥበትን ሳይሆን የሚተኩስለትን ነው።

ችግር የለውም አልልም። እጀታው ከተራው ግሎክ ይወፍራል፣ ትንሽ እጅ ይቸግረዋል፣ ግን ከዴዘርት ኢግል ጋር አይወዳደርም። ቀላል ስለሆነ ብርቱው ጥይት ሲተኮስ ሽጉጡ እጅ ውስጥ ይዘላል፤ ምቱ ስል ነው፣ ቶሎ ይመጣል። ሌላው ትልቅ ነገር ጥይቱ ራሱ ነው። ፓኬቱ ላይ 10 ሚሊ ሜትር የሚል ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙዎቹ ርካሾች ተለዝበው የተሞሉ ናቸው፣ ጉልበታቸው ከባለ 40ው ብዙም አይለይም። ለልምምድ ጥሩ ናቸው። ለድብ ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት ግን ፓኬቱ ጎን ላይ የተጻፈውን ፍጥነትና የእርሳሱን ክብደት አንብቡ። ባዶ እርሳስ የግሎክም በርሜል አይወድም።

ዋጋው 600 ወይም 700 ዶላር አካባቢ ነው። ከዴዘርት ኢግል ዋጋ አንድ ሦስተኛ። በተረፈው ገንዘብ ጥይት ግዙና ተለማመዱበት፣ ይኼን ከልቤ ነው የምላችሁ።

ኩናን

ባለ 357 ማግነም፣ ቅርጹ 1911 እንደሚባለው እንደ ድሮው የኮልት ሽጉጥ፣ ሚኒሶታ የተወለደ። 1.2 ኪሎ ገደማ፣ ሰባት ጥይት በካዝና። ጠርዝ ያለውን የሪቮልቨር ጥይት በቀጭን እጀታ ውስጥ አስገብቶ ሳይጠላለፍ እንዲጎርስ ማድረግ ትልቅ ጥበብ ነው፣ አድርገውታልም። ሞላውን ወደ ለስላሳው ስትቀይሩት ባለ 38 ስፔሻል ይተኩሳል፣ ያ ደግሞ ርካሽና ለስላሳ ጥይት ነው። በእጄ ከያዝኳቸው የማግነም ሽጉጦች ሁሉ እንደ እሱ መዳፍ ውስጥ የሚገጥም አላየሁም። በጣም ነው የወደድኩት።

ፋብሪካው ግን ሥራ አቁሟል። ብትገዙ ያገለገለ ነው የምትገዙት። ካዝናው ቢጠፋባችሁ፣ ሞላው ቢደክም፣ የሚተካው ከየት ይመጣል? መለዋወጫውን አብራችሁ ካላገኛችሁ እለፉት። ያማል፣ ግን እለፉት።

የድሮዎቹ

ኦቶማግ በ1971 ካሊፎርኒያ ፓሳዲና ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ባለ 44 ኤ.ኤም.ፒ. ጥይት ይተኩሳል፣ እሱም ከባለ 44 ማግነም የተለየ ነው፣ ጠርዝ የለውም። መጀመሪያ ሰዎች ጥይቱን የሚሠሩት የጠመንጃ ቀለህ ቆርጠው ነበር። ኩባንያው በዓመቱ ከሰረ፣ ከዚያ እየወደቀና እየተነሣ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ሄደ። ዋይልዲ ደግሞ በጋዝ የሚሠራ ሆኖ የጋዙን መጠን በእጅ ማስተካከል የሚቻልበት ነው፣ ባለ 45 ዊንቸስተር ማግነምና ባለ 475 ዋይልዲ ማግነም ይተኩሳል። ግሪዝሊ ዩታ ውስጥ የተሠራ ትልቅ 1911 ነው፣ እሱም ባለ 45 ዊንቸስተር ማግነም። ሦስቱም ያምራሉ። ሦስቱም የሰብሳቢ ዕቃ ናቸው።

አንድ የማውቀው የሞጣ ልጅ ከእነዚህ አንዱን ከአንድ ሻጭ በጥሩ ዋጋ ገዛ። ሻጩ ግማሽ ፓኬት ጥይት አብሮ ሰጠው፣ «ሌላው በየሱቁ አለ» ብሎት። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ግማሹን ተኮሰ፣ ከዚያ ሌላ ጥይት ሲፈልግ ስንት ወር እንደፈጀበት አይቻለሁ። ያገኘው አንድ ፓኬት በዋጋው ለልምምድ የሚሆን አልነበረም። ሽጉጡ አሁን በሣጥን ውስጥ ነው። እኛ አገር ያንን ታሪክ ከድሮ እናውቀዋለን። ውጅግራና አልቤን የነበረው ቤት ሁሉ መጨረሻ ላይ ጥይት አጥቶ ብረቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

በስሙ እንዳትታለሉ አንድ ልጨምር። ኬልቴክ ፒ.ኤም.አር. 30 ባለ 22 ማግነም ነው። 30 ጥይት ይይዛል፣ ባዶውን 400 ግራም አይሞላም። ማግነም ይባላል፣ ጉልበቱ ግን ከተራው 9 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ለመለማመድ ደስ ይላል። ትልቅ ጉልበት ፈልጋችሁ ከሆነ ግን እሱ አይደለም።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ

ኢላማ ላይ መተኮስ የምትወዱ፣ እጃችሁ ትልቅ፣ ገንዘቡም ያላችሁ ከሆነ ዴዘርት ኢግል በባለ 44 ግዙ። በባለ 50 አይደለም። ባለ 44 በየሱቁ አለ፣ ከባለ 50 ይረክሳል፣ አንድ ጥይት ይጨምርላችኋል፣ ምቱም ለመማር ይፈቅድላችኋል። ባለ 50ውን ከፈለጋችሁ በኋላ በርሜሉንና ካዝናውን ጨምሩ። የባለ 357ቱ ዴዘርት ኢግል ለስላሳ ነው፣ ግን ለዚያ ጉልበት ሁለት ኪሎ መሸከም ለእኔ አይታየኝም።

ጫካ የምትሄዱ፣ ዓሣ የምታጠምዱ፣ ድብ ያለበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ግሎክ 20። እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። ጭቃ ቢገባበት፣ ዝናብ ቢመታው ይሠራል።

ቤት ለመጠበቅ ነው የምትሉ ከሆነ ግን ከእነዚህ ማናቸውንም አትግዙ። የማግነም ጥይት የአሜሪካን የጂፕሰም ግድግዳ እንደ ወረቀት ነው የሚያልፈው። ከግድግዳው ማዶ ልጆች ይተኛሉ፣ ጎረቤት ይተኛል። ድምፁም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አደጋ ነው፤ ከ140 ዴሲቤል በላይ የሆነ የተኩስ ድምፅ በአንዴ ጆሮ ይጎዳል፣ እነዚህ ደግሞ ከዚያ ያልፋሉ። አፈሙዙ ላይ የጋዝ መበተኛ ያላቸው ምቱን ይቀንሳሉ፣ ድምፁን ግን ወደ ጎን ይረጩታል። መለማመጃ ቤት ስትሄዱ የጆሮ ቡሽም ማዳመጫ የሚመስለውን መሸፈኛም አብራችሁ አድርጉ። ሁለቱንም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ከሁሉም በላይ እሱን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ትልቅ ሽጉጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትተኩሱ፣ ወይም ለሌላ ሰው ስታስተኩሱ፣ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አስገቡ። አንድ። ምክንያቱም የመጀመሪያዋ ስትወጣ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሣል፣ ሰውየው ይደነግጣል፣ ሽጉጡ እንዳይወድቅ ብሎ እጁን ሲጨብጥ ጣቱ ቃታውን ደግሞ ይስባል። ሁለተኛዋ የምትወጣው አፈሙዙ ወደ ራሱ ፊት ዞሮ ሳለ ነው። እኔ በሠራሁበት ቤት ይኼ ደንብ ነበር፣ ማንም ቢቆጣ፣ ማንም «እኔ ወታደር ነበርኩ» ቢል። አንድ ጥይት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ካዝናው ይሞላል።

ሕጉን በአጭሩ

ለአሜሪካ ነዋሪዎች፦ ከተፈቀደለት ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት አለባችሁ፣ ቅጽ ትሞላላችሁ፣ ማጣሪያ ይደረግላችኋል። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በአጠቃላይ መያዝ ክልክል ነው፣ ጥቂት ለየት ያሉ ሁኔታዎች ቢኖሩም። ስለዚህ ቪዛ ያለው ዘመዳችሁ «ለእኔ ግዛልኝ» ቢላችሁ እንዳትሞክሩት፤ ቅጹ ላይ ለራሴ ነው ብሎ ፈርሞ ለሌላ መግዛት ከባድ ወንጀል ነው። እንደ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ያሉ ግዛቶች ከ10 በላይ ጥይት የሚይዝ ካዝና አይፈቅዱም፣ የግሎክ 20 ባለ 15ቱ ካዝና እዚያ አይገባም።

ወደ አገር ቤት መላክ የሚባል ነገር በፍጹም አታስቡ። አገር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ (ይኼ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መሸጥም፣ ማስገባትም ያስቀጣል። እኛ ጎጃም ውስጥ በእነዚህ ዓመታት ያየነው የብረት ብዛት ደግሞ ይበቃናል። እናቶች ይበቃናል ብለዋል።

የእህቴ ልጅ ይኼን ሁሉ ካነበበ በኋላ ሳይገዛ መለማመጃ ቤት ሄዶ ሁለቱን ተከራየ። ባለ 50ውን አምስት ተኮሰ፣ ግሎክ 20ን ደግሞ አንድ ፓኬት። በሳምንቱ እሑድ ደወለና ሁለቱን የኢላማ ወረቀት ጎን ለጎን ካሜራው ፊት ያዘ። በአንዱ ላይ አምስት ትልልቅ ቀዳዳ ነበር፣ አንዱ ላይኛው ጥግ፣ አንዱ ከሥር፣ አንዱ ወረቀቱን ሊስተው ትንሽ የቀረው። በሌላው ላይ መሐሉ ተበጣጥሶ ነበር።

አጎቴ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«የዚችኛዋ ጥይት ፓኬቷ ስንት ይይዛል?» አሉ፣ መሐሉ የተበጣጠሰውን በጣታቸው እየነኩ።

«ሃምሳ» አላቸው።

«የዚያኛዋስ?»

«ሃያ።»

ስልኩን መለሱልኝና ወደ ቡናው ዞሩ።